ጀርባ የሚያውቀው ምሰሶ

ባለፈው ሳምንት ሮቤ ገበያ ዳር አንድ ጋሪ አሮጌ የኮምፒውተር ስክሪኖች ጭኖ አለፈ። ከኋላ ሆዳቸው የተነፋው፣ የድሮዎቹ ናቸው። ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። እንዲህ ያለውን ጉድ እኔም አንድ ጊዜ ጭኔ ላይ ታቅፌ እስከ ጎሮ ሄጃለሁ።

ያኔ ሮቤ ኮምፒውተር የምማር፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ለመመረቂያ ሥራዬ የመረጥኩት የትውልድ ከተማዬን የጎሮን አሮጌ መስጊድ ነው። ጣራው ያፈስ፣ ግድግዳው ያዘነብል ነበርና፣ እንጨቱ ቢጠፋ ምስሉ ይቅር ብዬ ነው። ሰው በሌለበት ሰዓት አባቴን አስፈቅጄ ገብቼ ለካሁ፤ በተዋስኩት ካሜራ የጥድ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ፣ በየጎናቸው ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ ፎቶዎቹን በየምሰሶው እያለበስኩ ኮምፒውተር ላይ አቆምኩት፤ ቁልፍ እየተጫኑ በበሩ የሚገባበት፣ ዞር ዞር ተብሎ የሚታይ መስጊድ። ጓደኞቼ «ጠላት የሌለበት ጨዋታ» እያሉ ቀለዱብኝ።

በእኛ መስጊድ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚደገፈው የራሱ ምሰሶ አለው። በዚያው ዓመት፣ የስንዴ አጨዳው እንዳለቀ፣ ሽማግሌዎቹ መስጊዱን አፍርሰው በዚያው እንጨት፣ በድንጋይ መሠረት ላይ መልሰው ሊሠሩት ቆረጡ። ከተማው በደቦ ወጣ። ድንገት ደመና ሲከብድ ሁሉም እየተሯሯጠ ምሰሶውን ጎትቶ ሸራ ሥር ከመረው። ምልክት ያደረገ የለም። የራሱን ምሰሶ የማያውቅ ማን አለ?

ሸራው ሲገለጥ ግን ጥድ ሁሉ ጥድ ሆነ። አባቴና የልጅነት ጓደኛው ሐጂ ቃሲም በአንዱ ምሰሶ «የእኔ ነው፣ የእኔ ነው» ተባብለው ዓይንህን ለአፈር ተባባሉ። ረመዳን እየቀረበ ሥራው ቆመ። እናቴ ደውላ «አባትሽ እህል አልቀምስ ብሏል፤ ቃሲምን ካላየ ለሱ ቀን አይደለም» አለችኝ።

ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መኪናው በየጉድጓዱ ሲነጥር ልቤም አብሮ ይነጥራል። አልነሳ ቢልስ? ምሰሶዎቹን እኔው ራሴ አቀያይሬያቸው ቢሆንስ? ቦርሳዬ ውስጥ በቅቤ የራሰ ጭኮ ነበር፤ በሕይወቴ ጭኮ አላሰኘኝ ያለው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ አባቴ ሱቅ ተሰበሰቡ። ኮምፒውተሩ እያጓራ ተነሳ። የመስጊዱ በር ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ሐጂ ቃሲም ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ማንም አልሳቀም፤ ሌሎቹም አወለቁ።

«ቆዪ፣ ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ» አሉኝ ሐጂ፤ «በቀኝ እግርሽ ግቢ።»

«ሐጂ፣ ይሄ እኮ እግር የለውም።»

«አንቺ አለሽ።»

ቀኝ እግሬን አስቀድሜ ቁልፉን ተጫንኩ። ገባን። ቀስ ብዬ ሐጂ ከሚቀመጡበት ቦታ ደረስኩ። የተጣሉበት፣ ባለ ሁለት ጉጡ ምሰሶ እዚያ ቆሟል። ዞር አልኩ። በአባቴ ቦታ ያለው ከላይ እስከ ታች ስንጥቅ ያለበት ነው፤ ከክምሩ ውስጥ ማንም የእኔ ነው ያላለው።

አባቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ፈራሁ።

«ዕድሜ ልካችንን ጀርባችንን ሰጥተነው» አሉ ሐጂ ቃሲም፣ «መልኩን ከየት እናውቀው?»

አባቴ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አፉ በለኝ፣ ቃሲም» አለና ተቃቀፉ። እኔ ጥግ ይዤ ጭኮዬን አወጣሁ። እንደዚያን ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

ምሰሶዎቹ ረመዳን ሳይገባ በየቦታቸው ቆሙ። ዛሬም አሉ። ባለፈው ጁምዓ በደጅ ሳልፍ ሁለቱ ሽማግሌዎች በየምሰሷቸው ተደግፈው፣ ጆሯቸው አልሰማ ስላለ እየተጯጯሁ ያወጋሉ። ያ የኮምፒውተር መስጊድ ግን ዛሬ በየትኛውም ኮምፒውተር አይከፈትም፤ ብዙ ሞክሬዋለሁ። እንጨቱ ቢጠፋ ብዬ የሠራሁት ምስል ጠፍቶ እንጨቱ ቀረ። አልሐምዱሊላህ፣ እንኳንም ተገላቢጦሹ አልሆነ።