የተገለበጠው በርጩማ

ሰብለወንጌል ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ልብስ ትሰፋለች። እኔ ከጎኗ ክርና ቁልፍ እሸጣለሁ፤ ከኔ በላይ የሚያውቃት የለም። ከዓረብ አገር የተመለሰች ሰሞን ዝምተኛ ነበረች። ኋላ ለሬዲዮ ድራማ መጻፍ ጀመረች፤ ከዚያ ወዲያ ቀሚሱን በቀጠሮው ያገኘ ደንበኛ የለም።

ድራማው የደም ነገር ነበር። ልጇ የተገደለባት እናት የሟቹን በርጩማ ቤት መሀል ትገለብጠዋለች፤ ደሙ እስኪመለስ ማንም አያቃናውም። እንዲህ ያለ ወግ በአገራችን የለም። የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ስትፈጥረው አይቻለሁ። «ያስፈራል?» ብትለኝ፣ «ኧረ ያንቀጠቅጣል!» ብያታለሁ። አገሩ ሁሉ እያለቀሰ ሰማው።

በዓመቱ ገሳይ አካባቢ ፈንታሁን የሚባል ገበሬ በድንበር ጠብ ተገደለ። እናቱ እትዬ ጌጤ ከቀብር እንደተመለሱ በርጩማውን ገለበጡት። ሽማግሌዎች ለዕርቅ ቢሄዱ፣ «የአባቶቻችንን ወግ ልሻር?» ብለው መለሷቸው አሉ። ወሬው ሲደርሳት ሰብለወንጌል መቀሷን አስቀመጠችና «ተነሽ፣ አብረን እንሂድ» አለችኝ።

እውነትም በርጩማው እግሩን ወደ ጣራው አንጋጦ ተኝቷል። ሰው ሁሉ እየዞረው ያልፋል። ሰብለወንጌል እትዬ ጌጤ እግር ላይ ወደቀች።

«እትዬ፣ ወግ አይደለም! እኔ ነኝ ከልቤ አፍልቄ የጻፍሁት። አቃኑት፣ በማርያም!»

እትዬ ጌጤ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩዋት። «አንቺ ነሽ? እግዜር ይስጥሽ ልጄ። የማደርገው ጠፍቶኝ ነበር» አሏት። ቢሰድቧት በተሻለ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ዋልልኝ እስከ መኪና መንገዱ ሸኘን። «እኔ ሰው መግደል አልፈልግም» አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «ግን ቤት በገባሁ ቁጥር የሚቀበለኝ ያ በርጩማ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ገሳይ መመላለስ ሆነ ሥራዋ። እኔም እቆጣታለሁ፦ «ተረት ነው የጻፍሽው፣ ተረት! ሬዲዮ የሰማ ሁሉ በርጩማ ገለበጠ?» እሷ ግን፣ «እንዲያምር አድርጌ ነው የጻፍሁት» ትለኛለች። እትዬ ጌጤ ያበሏታል፣ ይመርቋታል፤ በርጩማውን ግን አያስነኩም።

ባለፈው ቅዳሜ ስንገባ በርጩማው ተቃንቶ ቆሟል። እልል አልሁ! ሰብለወንጌል እዚያው በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ በደስታ አለቀሰች።

እትዬ ጌጤ ከጓዳ ወጡ። «ዋልልኝ ነው ያቃናው» አሉ።

«እሱስ የታለ?» አልኋቸው።

«ትናንት ጧት የወንድሙን ደም መልሶ፣ ሸፍቶ ጉና ተራራ ገባ።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «እዚያ ማዶም እናትየዋ የልጇን በርጩማ ገለበጠች አሉ።»

ሰብለወንጌል ልትነሳ ሞክራ አቃታት። እኔ ነኝ ደግፌ ያነሳኋት።