ፉልማቲ ባሏን የምትጠራበት ቃል እንዴት እንደጠፋት

በባይሮንፑር መንደር «ፉልማቲ ሹመቷን ለማስከበር ብላ ባሏን በኮርማ አስወጋች» እየተባለ ይወራል። ውሸት ነው። ኮርማው የማንም አልነበረም፤ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ የሚያድር፣ ያማረውን ማሳ የሚግጥ፣ ዱላ የማይነካው ጌታ ነው። ፉልማቲ ያጠፋችው ነገር ካለ የሚሆን ቃል አጥታ መቅረቷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በባይሮንፑር ሚስት የባሏን ስም በአፏ አትጠራም፤ ከጠራች ዕድሜው ያጥራል። ሙሽራ ሁሉ «ኧረ ይሰማሉ?» ብላ ትጀምራለች፤ የወለደች «የእከሌ አባት» ብላ ትገላገላለች። ፉልማቲ አልወለደችም። ስለዚህ ባሏን ዲናናትን ከሙሽርነቷ ጀምሮ «ኧረ ይሰማሉ?» እያለች ኖረች። አንዴ በበዓል ግርግር ጠፍቶባት፣ የድምፅ ማጉያ የያዘው ሰውዬ «ማን ብዬ ልጥራ?» ቢላት «ረጅም ናቸው፤ ጆሯቸውም ትልቅ ነው» አለችው። እሱም እንደወረደ ለፈፈው። ጆሮ ትልልቁ ሁሉ ተሰብስቦ መጣ፤ ዲናናት ግን ተቀይሞ ቀረ።

ይህ ዲናናት የመንደር ሹም ለመሆን፣ እነሱ ፕራዳን የሚሉትን፣ ሁለቴ ተወዳድሮ ሁለቴ ወድቋል። በሦስተኛው ወንበሩ ለሴት ተመደበ። ምን ገዶት፤ ሚስቱን አስመዘገበ፣ የራሱን ፎቶ በየግድግዳው አስለጠፈ፣ ፉልማቲም አሸነፈች። በማግስቱ መንደሩ እሱን «ፕራዳን ጂ» አለው፣ ጌታው ሹም እንደ ማለት፤ እሷን ደግሞ «ፕራዳኒን»፣ የሹሙ ሚስት ማለት ነው። እሱ ወንበሩ ላይ ሲንፈላሰስ፣ የተመረጠችው ደጅ መሬት ላይ ቁጭ ብላ የሚሰጣትን ትፈርማለች።

ፉልማቲ አልከፋትም። እንዲያውም እፎይ አለች፤ በስንት ዘመኗ ባሏን የምትጠራበት ስም አገኘች። «ፕራዳን ጂ፣ እራት ቀርቧል። ፕራዳን ጂ፣ ጎሿ ገመድ በጥሳለች።» የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አፈር ብቻ የሆነው የፍሳሽ ቦይ በድንጋይ እንዲገነባ። ክረምት በገባ ቁጥር የላይኛው ሰፈር ቆሻሻ ወርዶ የታችኛውን ሰፈር ቤቶች ይሞላል፤ ሴቶቹ ምድጃቸውን አልጋ ላይ ሰቅለው ያበስላሉ። ዲናናት «እናያለን» ይላታል። ከሹመት ሥራ ቀድሞ ያጠናው ይህችን ቃል ነው።

በኋላ አዲስ የወረዳ ሹም መጣች፤ ሳቅ የማያውቃት ሴት። «ከእንግዲህ ፕራዳኒን ብሎ ነገር የለም፤ የፕራዳን ባል የሚባል ሹመትም የለም። ወንድም ይሁን ሴት፣ የተመረጠው ሰው ፕራዳን ነው። በዚህ ማዕረግ ሌላ ሰው ሲጠራ ከሰማሁ የቦዩን በጀት ለጎረቤት መንደር እሰጠዋለሁ» አለችና የምትመጣበትን ቀን ቆረጠች።

ዲናናት «ፕራዳን» ሲባል ላለመዞር ልምምድ ገባ። እናቱ ራምራቲ ከኋላው ተደብቃ «ፕራዳን ጂ» ትለዋለች፤ ከዞረ በኩርኩም።

«አንተ አይደለህም፣ ያቺ ናት አልኩህ።»

«ለምዶብኝ እኮ ነው እማ።»

«መውደቅስ ሁለቴ ሞክረኸው እንዴት አልለመደብህም?»

ፉልማቲም ጨነቃት። «እኔስ ምን ብዬ ልጥራዎት?»

«እንደ ድሮው በያ።»

«እንደ ድሮው ስልዎት አይሰሙኝም እኮ።»

እውነቷን ነው። ያን ቃል ጆሮው ከረሳው ቆይቷል።

ቀኑ ደረሰ። መንደሩ ቦዩ ዳር ተሰበሰበ፤ ፉልማቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ዲናናት ለእንግዳዋ የተዘጋጀውን የቢጫ አበባ ጉንጉን ከጀርባው ደብቆ ቦዩ አፋፍ ላይ ቆመ።

«ፕራዳን ማን ነው?» አለች የወረዳዋ ሹም እንደ ደረሰች።

ዲናናት እንደ ግንድ ደረቀ። «እኔ ነኝ» አለች ፉልማቲ። ሰው ሁሉ ተነፈሰ።

ይኼኔ ኮርማው አበባው ሸቶት ከዲናናት ጀርባ ብቅ አለ። ከማዶ የቆሙት ወንዶች ቀድመው አይተውት በክርን ተጎሻሸሙ። ፉልማቲም አየችው። «ፕራዳን ጂ» ብትል ቦዩ ቀረ። ስሙን ብትጠራ ባሏ ቀረ።

«ኧረ ይሰማሉ?» አለች።

እዚያ የነበረ ባል ሁሉ ወደ እሷ ዞረ፤ አንዱም «ደግሞ ምን ጎደለ?» አለ። ያልዞረው ዲናናት ብቻ ነው። ኮርማው ጉንጉኑን ከነያዡ አነሣና አበባውን ለራሱ አስቀርቶ ያዡን ቦዩ ውስጥ ጣለው።

ሹሟ እስከ አንገቱ በቆሻሻ ጠቁሮ ከቦዩ ተጎትቶ የወጣውን ሰው ትክ ብላ አየችው። «ጥልቀቱን ለመለካት ሰው መላክ አያስፈልገንም» አለችና በጀቱን እዚያው ፈቀደች።

ማታ ዲናናት ጎድኑ ተሰብሮ አልጋ ላይ ያቃስታል፤ ፉልማቲ እርድ የገባበት ወተት ታጠጣዋለች፤ ሊጠይቁት የመጡት ወንዶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። በዕድሜ የሚበልጠው ባልዴቭ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንቺ ሴት፣ ለቦይ ብለሽ ባልሽን አስወጋሽው። ምናለ ስሙን ብትጠሪው? በጭንቅ ጊዜ ደንብ አይታይም።»

ፉልማቲ ኩባያውን አስቀመጠች።

«እኔስ ስማቸውን መጥራት አይፈቀድልኝም፣ ጋሼ። እናንተ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ በስማቸው ስትጠሯቸው የኖራችሁ ናችሁ፤ ኮርማውም ሲመጣ ፊት ለፊታችሁ ነበር። እናንተን ምን ያዛችሁ?»