ሴንሰር ያልተገጠመባት በር

ከሚሴ ውስጥ ሴት ልጅ መሰርሰሪያ ይዛ ስትታይ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባለሙያው የት አለ?» ብሎ ነው። እኔም «እያየኸው ነው» እላለሁ። ሌላ መልስ አዘጋጅቼ አላውቅም፤ ይሄ ይበቃል። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ቤት መቀመጥ አቃተኝ። መቀመጥ ድሮም አይሆንልኝም። ዲሽና ካሜራ ከሚገጥመው አጎቴ ሱቅ ገባሁና ሥራውን እያየሁ ለቀምኩት። አሁን በርና መስኮት ላይ የአላርም ሴንሰር የሚገጥም ሰው ሲፈለግ የምጠራው እኔ ነኝ።

ያን ቀን የተጠራሁት አንድ የእህል ነጋዴ ቤት ነው። ቤተሰቡ ጨፋ ሮቢት ለሰደቃ ውሎ ሲመለስ ሌባ በጓዳው መስኮት ገብቶ ቴሌቪዥኑን ወስዷል። ነጋዴው፣ ሁሉም ሀጂ ነው የሚላቸው፣ ንዴቱ ገና አልበረደላቸውም።

«በር የሚባል አይቅር፣ መስኮት የሚባል አይቅር። ዝንብ ብትገባ ይጩህ!» አሉኝ።

«ዝንብ በር አትከፍትም፣ ሀጂ። በር የሚከፍት ከመጣ ግን ይጮሃል።»

ሥራው ከባድ አይደለም። ሴንሰሩ ሁለት ቁራጭ ነው። ትልቁ መቃኑ ላይ ይታሰራል፣ ማግኔት ያለው ትንሹ መዝጊያው ላይ። በሩ ሲዘጋ ጎን ለጎን ይገጥማሉ፣ ሲከፈት ይለያያሉ፤ ሳሎን የተቀመጠው ዋናው ሳጥን ያለ ምንም ሽቦ ያንን ያውቅና ሳይረኑን ይለቀዋል። የሚያስቸግረው የእኛ አገር ሙቀት ነው። ማጣበቂያው በቅብ ላይ ሲግል እየለሰለሰ ይወርዳል። መመሪያው ላይ ብሎን አያስፈልግም ይላል፤ የጻፈው ሰው ሚያዝያን ከሚሴ አላሳለፈም። እኔ በብሎን ነው የማስረው።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድሜ አስረዳሁ። እኛ ጋ ቀን በር አይዘጋም፣ መጋረጃ ብቻ ነው። ቀን የተዘጋ በር ያየ ሰው ወይ ሰው የለም ይላል ወይ ጠብ አለ ይላል። ስለዚህ አላርሙ የሚበራው ቤቱ ሲለቀቅና ሰው ሲተኛ ነው፤ ማብሪያና ማጥፊያው ሁለት ትንንሽ ሪሞት ነው።

የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ሳይደርስ ዋናውን በር፣ መኝታ ቤቶቹንና የጓዳውን መስኮት ጨረስኩ። የቀረችኝ በጓሮ በኩል፣ በግንቡ መሐል ያለች አንዲት አጭር በር ነበረች። ወደ ጎረቤት ግቢ ታሳልፋለች። የሁለቱ ቤት ሴቶች አስፋልት ሳይወጡ በርበሬውንም ወሬውንም የሚለዋወጡት በእሷ ነው። ቁልፍ የላትም፣ መቀርቀሪያ የላትም።

መሰርሰሪያዬን ሳነሳ የሀጂ እናት በርጩማቸውን ይዘው መጡና በሯ መሐል ቁጭ አሉ። ሰፈሩ በኦሮምኛ አዮ፣ እናት፣ እያለ ነው የሚጠራቸው።

«እዚች ላይ አትሰኪም» አሉኝ።

«አዮ፣ ሀጂ እኮ በር የሚባል አይቅር ብለዋል።»

«ይቺ በር አይደለችም። መንገድ ናት።»

«ሌባም በመንገድ ነው የሚሄደው» አልኩ። ከአፌ የሚወጣውን አልመርጥም።

ሀጂ ድምፃችንን ሰምተው መጡ። «እማ፣ ተነሺላት። ሁሉ ተዘግቶ ይቺ ብቻ ክፍት ልትቀር ነው?»

«አንተን ስወልድ አዋላጅ ሳትደርስልኝ በዚች ሮጣ የገባች ማን ናት? ዛሬ ሳይረን ይጩህባት?»

«ስለ እሷ ማን አወራ? ስለ ሌባ ነው የማወራው!»

ይሄኔ ከግንቡ ወዲያ የጎረቤቷ ድምፅ መጣ። ለካ ሁሉንም ሲሰሙ ኖረዋል።

«ተያቸው አዮ፣ ይግጠሙ። ቴሌቪዥኑን እኔ ሳልወስደው አልቀርም።»

ቀጥሎ ከባድ ነገር ሲጎተት ሰማን። በርሜል ነበር። በሯ ላይ አስደገፉት።

አዮ ወደ ልጃቸው ቀና አሉ። «አየህ? ዘጋችብኝ።» አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር። ሀጂም «በይ ሥራሽን ጨርሺ» አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን መሬት ላይ ነበር።

የአዮ ፊት እንደዚያ ሆኖ መሰርሰር አልሆነልኝም፤ ቆሜ ማየትም አልቻልኩም። መሰርሰሪያውን አስቀምጬ በአስፋልቱ ዞሬ ጎረቤቷ ቤት ሄድኩ። ማንም አላከኝም። የደጃቸው በር ቆርቆሮ ነው፣ በሽቦ ቀለበት የተያዘ። እጄን አሾልኬ ከውጭ ከፈትኩት። ሴትየዋ በርሜሉ ላይ ተቀምጠዋል።

«አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋሉ እማማ።»

«ነጋ፣ ሰላም ነው። ኮቱ ኢንታላ፣ ነይ ልጄ። እኔንም ልትፈትሺኝ ነው?»

«በርዎን ከደጅ ሆኜ በጣቴ ከፈትኩት።»

«ምኔን ልትሰርቂኝ?»

«እርስዎ ጋ ምንም የለም» አልኩ። «ሌባ ግን በእርስዎ ይገባና፣ በአጭሯ በር ያልፍና፣ አዮ መኝታ ይደርሳል።»

ይሄን አላሰቡትም ነበር።

«ስለዚህ ሴንሰሩን እዚህ፣ የእርስዎ የደጅ በር ላይ ልግጠመው። ሽቦ የለውም፣ ግንብ ይሻገራል። ያኔ ሁለቱ ግቢ አንድ ግቢ ነው። አጭሯ በር እንዳለች ትቀመጣለች።»

«የሀጂ ዘበኛ ልታደርጊኝ!»

«እነሱም የእርስዎ ዘበኛ ይሆናሉ።»

«በሬን ስከፍት ይጮህብኛል?»

«በሪሞት ካልጠፋ፣ አዎ።»

«ሪሞቱስ ማን እጅ ነው?»

«አንዱ ሀጂ ጋ፣ አንዱ አዮ ጋ።»

«እንግዲህ ከገዛ ቤቴ ለመውጣት ሀጂን ላስፈቅድ ነዋ! ሂጂ፣ ንገሪያቸው። ሪሞት እጄ ካልገባ በርሜሉ አይነሳም።»

«ልክ ነዎት» አልኩና ተመልሼ ሁሉንም እንዳለ ለሀጂና ለአዮ ነገርኳቸው።

ሀጂ ፊታቸው ጠቆረ። «የቤቴን መክፈቻ ለጎረቤት? የት አገር ነው እንዲህ የሚደረግ?»

«ሀጂ፣ ሌባው የገባበትን መስኮት ጨርሻለሁ። ይቺ ላይ ሴንሰር ካሰርኩ ሌባ ይቅር አይቅር እንጃ፤ ጎረቤትዎ ግን ሁለተኛ አይመጡም። ይወስኑ።»

አዮ ከሻሻቸው ጫፍ የቋጠሯትን ሪሞት ፈቱ። «የእኔን ስጣት። እኔ የሚጫነውን ቁልፍ አላየውም፣ እሷ ትጫንልኛለች። አንተው ውሰድላትና ይቅርታ ጠይቃት፣ አፉ በይኝ ብለህ።»

«በልጅቷ ልላክላት።»

«ልጅቷ አልበደለቻትም።»

ሀጂ ሪሞቷን ይዘው፣ ጀለቢያቸውን ሰብስበው በቀትር ፀሐይ በአስፋልቱ ዞሩ። እኔ መሰርሰሪያዬን ይዤ ተከተልኩ። ሴትየዋ ከበርሜሉ አልተነሱም።

«አፉ በይኝ» አሉ ሀጂ።

«በምን?»

«በተናገርኩት።»

«ምን ተናገርክ?»

ሀጂ ወደ እኔ አዩ። እኔ ብሎን እየመረጥኩ ነበር።

«ያችን በር ልዝጋ አልኩ።»

«አፉ ብያለሁ፣ አላህም አፉ ይበልህ። በል አሁን በርሜሉን ግፋው፣ ወገቤን አሞኛል።»

ገፉ። ነጩ ጀለቢያቸው ዝገት በዝገት ሆነ። በሯ ስትከፈት አዮ በርጩማቸውን ይዘው ከወዲያ ቆመው እየጠበቁ ነበር፤ ገብተው ጥላው ሥር ተቀመጡ።

ቆርቆሮ ማግኔቱን ስለሚያሰንፈው ከሥሩ እንጨት አስገብቼ ሴንሰሩን በደጃቸው በር ላይ አሰርኩ። ሞከርኩት፣ ሳይረኑ ከሀጂ ሳሎን ጮኸ፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ጮኸ። ሴትየዋን የሪሞቱን አጠቃቀም አንዴ ነው ያሳየኋቸው፤ ወዲያው ለመዱት።

ከሰነበተ በኋላ ብሎኖቹን ለማየት ስሄድ አዮን ከጎረቤታቸው ጋር እየሳቁ አገኘኋቸው። ጎህ ሳይቀድ ለሱብሂ ሶላት ሲወጡ ሀጂ አላርሙን ረስተው በር ከፍተዋል። ሳይረኑ ለቀቀው። ሪሞታቸውን ከኪስ ኪስ ሲፈልጉ ሴትየዋ ከመኝታቸው ሆነው አጠፉትና በግንቡ ላይ ተጣሩ፦

«ማነህ? ሀጂ ነህ ሌባ?»

«እኔ ነኝ እማማ፣ ለሶላት ልወጣ ነው!»

«ሌባም እንደሱ ነው የሚል። እናትህን ጥራና ትመስክርልህ!»

አዮ ነቅተው ነበር። «አላውቀውም!» ብለው እንደ መለሱ ሲነግሩኝ እንባቸውን በሻሻቸው ይጠርጉ ነበር።