ምሥራቅ የማያይ ቴሌቪዥን

አማቴ አብረውን ተራራ ለመውጣት የተስማሙት በአንድ ቃል ነው፤ የእሁድ ቅዳሴ እንዳያመልጣቸው። ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከረገጥኩ ዓመታት ስላለፉ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ቅዳሴውን የምናይበት ስልክ ተራራው ላይ አይሠራም። ስለዚህ ሞንትቤሎ ሰፈር የሚኖር ወዳጄ አርቪውን፣ ያን አልጋና ማብሰያ ያለውን የጉዞ መኪና፣ ሲያውሰኝ፣ ጓሮው ውስጥ ዝናብ ሲያጠራቅም የከረመውን ትንሽ ዲሽና ሪሲቨሩንም አብሬ ጫንኩ። እሁድ ጠዋት ካምፑ ውስጥ ዲሹን አቁሜ፣ በጥድ ዛፎቹ መካከል ባለችው ክፍተት ወደ ደቡብ ሰማይ አነጣጠርኩ። ባለቤቴ ከውስጥ “ጨመረ፣ ቀነሰ” ትለኛለች። በመጨረሻ ሥዕል መጣ። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ምርቃት ልቀበል ገባሁ።

አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ፣ ፊታቸውን ለፍሪጁ ሰጥተው።

“ምሥራቅ ወዲህ ነው” አሉኝ።

ቴሌቪዥኑ የተገጠመው ከሾፌሩ ወንበር በላይ ነው፤ የአርቪው አፍንጫ ደግሞ ወደ ምዕራብ። ቅዳሴው አዲስ አበባ ላይ ካለቀ ሰዓታት እንዳለፉት፣ ቀዳሾቹም በልተው ጋደም ብለው እንደሚሆን፣ ምድር ክብ ስለሆነች በምዕራብ በኩል የተላከ ጸሎትም ኢየሩሳሌም መድረሱ እንደማይቀር አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

“አንተ ብዙ አንብበሃል” አሉ። በእሳቸው አፍ ይህ ሙገሳ አይደለም።

የካምፑ መንገድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚኬድበት አዙሮ ማቆም ክልክል ነው። ባለቤቴ፣ በእናቷና በእኔ መካከል ስትገባ ምንጊዜም ጥፋቱን ሾፌሩ ላይ የምታገኘው ባለቤቴ፣ የካምፑን ካርታ አገላብጣ አየች። አፍንጫን ወደ ምሥራቅ የሚያስቆም፣ ሰማዩም የተከፈተ ቦታ አንድ ብቻ አለ አለች፤ አርቪዎች የሽንት ቤት ታንካቸውን የሚደፉበት።

ሄድን። ዲሹን ከማፍሰሻው ጉድጓድ አጠገብ ተከልኩት። ሲግናሉ ከቅድሙ የበለጠ ጠንካራ ሆነ፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁም። አማቴ ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ መልሰው አማተቡ።

“እማማ፣ ሽታው አያስቸግርዎትም?”

“ጌታ በበረት ነው የተወለደው” አሉ ሳይዞሩ። “አፍንጫህን ልቀቅና ጫማህን አውልቅ።”

ብዙ ሳይቆይ አንድ ባለ ኮፍያ ፈረንጅ የታንኩን ማፍሰሻ ቱቦ ተሸክሞ መጣና ጨርሰን እንደሆነ ጠየቀ። አማቴ ቅዳሴ ላይ ናቸው አልኩት። በመስኮት ወደ ውስጥ አየ፤ ኮፍያውን አወለቀ። ስንት ሰዓት ይፈጃል ቢለኝ እኔም ረስቼዋለሁ፤ ባለቤቴን ጠየቅኳት።

“ገና ወንጌልም አልተነበበ” አለች።

ሰውዬው ሄዶ ሞተሩን አጠፋ። ከኋላው ሌላ አርቪ ቆመ፤ ከዚያም ሌላ። ወደ እያንዳንዱ መስኮት እየሄድኩ ማስረዳት የእኔ ድርሻ ሆነ። ስንቱን አማኝ ከቅዳሴ ለማስቀረት ስከራከር የኖርኩ ሰውዬ፣ ያን ቀን ያን ሁሉ ፈረንጅ ቅዳሴ አስጠበቅኩ።