በአባቴ አንገት ውስጥ ያለችው ዕጢ

እናታችን ካረፈች በኋላ አባቴ ቀዘቀዘ። ቡታጅራ ገበያ ውስጥ የበርበሬ ነጋዴ ነበር፤ አንዷን ዛላ ሰብሮ አሽትቶ የበርበሬውን አገር የሚናገር፣ ከደላላ ጋር ካልተከራከረ ቀኑ የዋለ የማይመስለው ሰው። ያ ሰው መጋዘኑን ለታናሽ ወንድሜ ትቶ ቤት ዋለ። ቁርስ ቀርቦለት እንቅልፍ ይወስደዋል። ሲያናግሩት መልሱ የሚመጣው ጠያቂው ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነው። ድምፁ ሻከረ፣ ፊቱ አበጥ አበጥ አለ፤ እኛም "ደህና ወፍሯል" አልን። ጎረቤቶች "ሐዘን ነው፣ አላህ ሰብሩን ይስጠው" ሲሉን "አሚን" እንላለን። ዕድሜውን ሙሉ አብሯት የኖረ ሰው ባያዝን ነበር የሚገርመን።

እኔ ወልቂጤ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። አንድ ጊዜ ልጠይቀው ስሄድ የረፋድ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሲንቀጠቀጥ አገኘሁት።

"አባዬ፣ እኔ ጋ መጥተህ ክረም። ወልቂጤ ይሞቃል" አልኩት።

ድሮ ቢሆን "ቤቴን ለማን ትቼ!" ብሎ ይቆጣኝ ነበር። አሁን "እሺ" አለኝ። ያ እሺታ አስፈራኝ።

በሚኒባስ ሄድን። መንገዳችን ላይ ያለው ደጋ አረቅጥ ስንደርስ ጉም ስለነበር ተሳፋሪው ሁሉ ያለውን ደረበ፤ አባቴም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ተኛ። ወልቂጤ ስንደርስ ግን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሰው ሁሉ ጃኬቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጥሏል፤ እሱ ጋቢውን ከትከሻው አላወረደም። እጁን ስይዘው እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዘቀዘኝ። ሐዘን እጅ ያቀዘቅዛል እንዴ?

በማግስቱ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ከመናገሯ በፊት ብዙ አየችው፤ የቅንድቡን ጫፍ በጣቷ ነካ አደረገች። ፀጉሩ ረግፎ ኖሯል፤ ማናችንም አላየንም።

"አባት፣ ይበርድዎታል?"

አባቴ ቆይቶ "ሁልጊዜ" አላት።

"ሆድዎስ፣ ይደርቃል?"

ወደ እኔ ዞር ብሎ አፈረና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ደሙ ተመረመረ። "የዕጢ ችግር ነው" ስትለኝ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። እኛ ሰፈር ዕጢ ማለት ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራው በሽታ ነው። ፊቴን አይታ ገባት።

"እሱ አይደለም፣ አትደንግጪ። ይህች ዕጢ አንቺም አለሽ፣ እኔም አለኝ። ታይሮይድ ትባላለች፤ እዚህ ከማንቁርት በታች እንደ ቢራቢሮ ክንፏን ዘርግታ የተቀመጠች ናት። ከእሷ የሚወጣው ሆርሞን በደም እየዞረ ልብን፣ አንጀትን፣ አእምሮን በምን ፍጥነት እንደሚሠሩ ያዛቸዋል። የአባትሽ ዕጢ ደክማለች፤ ስለዚህ ሁሉ ነገራቸው ቀዝቅዟል። ሙቀታቸውም፣ ንግግራቸውም፣ ፍላጎታቸውም።"

አባቴ ሲያዳምጥ ቆየና "ሰው ሁሉ ሐዘን ነው ይላል" አላት።

"ሐዘንም ይኖራል፣ አባት። እሱን እኔ አላክመውም። ይሄኛውን ግን አክመዋለሁ።"

መድኃኒቱ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ የሚዋጥ ትንሽ ኪኒን ነው፤ ዕድሜ ልክ። ልቡ እንዳይጨነቅ ከትንሹ ጀምራ ቀስ እያለች ጨመረችለት። መጀመሪያ ምንም ለውጥ ስላላየሁ ተስፋ ልቆርጥ ነበር። ከሳምንታት በኋላ አንድ ቀን ከስፌት መኪናዬ ቀና ስል አባቴ በሬ ላይ ቆሞ አንዲት ጎረቤቴን አስቁሟታል። ከፌስታሏ በርበሬ አውጥቶ እያሸተተ፣ "የማረቆ ነው ብሎ የሸጠልሽ ማነው? ነይ፣ ውሰጂኝና ልንገረው!" ይላታል። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ታየኛለች፤ እኔ ስስቅ እንባዬ ወረደ።

ቡታጅራ ተመልሶ መጋዘኑን ያዘ። ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ ደወለልኝ። "እባክሽ ለሐኪሟ ንገሪያት፣ ኪኒኑን ትንሽ ትቀንስለት። ጆንያ ሁሉ እንደገና ይፈታ ብሎ አስጨነቀኝ!" ሲያማርር ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረው።

ቀጥሎ የመጣው ወሬ ግን አስደነገጠኝ። አባቴ ቡኢ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ሊያገባ ነው። ኪኒኑ ነው ብዬ ሐኪሟ ጋ ሮጥኩ። ሳቀችብኝ። "ኪኒኑ የጎደለውን ነው የሞላው፤ ሚስት አይመርጥም" አለችኝ።

ቡታጅራ ሄጄ አባቴን ፊት ለፊት ጠየቅኩት። "ያ ሁሉ ሐዘን የዕጢ ነበር ማለት ነው?"

አልተቆጣም። "ሐዘኑ የራሴ ነው" አለኝ። "ብርዱ ነው የዕጢዋ። ተደራርበውብኝ የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፍቶኝ ነበር። ያኔ እናትሽን ማሰብ እንኳ ይደክመኝ ነበር፤ አሁን ሳስባት ጥርት ብላ ትመጣልኛለች። ብቻዬን መብላት ግን ሰለቸኝ፣ ልጄ።"

ኒካው ሊታሰር ሲቃረብ ሴትዮዋ ቀሚሷን እንድሰፋላት ወልቂጤ ድረስ መጣች። ሁለታችንም ተፋፍረናል። ሜትሬን ወገቧ ላይ ሳዞር እጄን ያዝ አድርጋ፣ "እዚህ ጋ ሰፋ አድርጊልኝ" አለች፤ "በሠርጌ ቀን ቀሚስ ጠቦኝ ሳልበላ አልውልም።"

ሰፋ አድርጌ ሰፋሁላት።