መዝገብ ላይ የሌለ ስም

እልል ብዬ ነው የጮህኩት፤ ቢሮ ውስጥ፣ መሃል ከተማ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ በሰው ፊት። ከመሐንዲሶች መዝጋቢው መሥሪያ ቤት የመጣው ኢሜይል ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ ማኅበራችን የሚሰጠው ትምህርት ተፈቅዷል፣ የሚካፈል ሁሉ ነጥብ ያገኛል ይላል። አጠገቤ የሚሠራው ኬንያዊ ባልደረባዬ ሰው የሞተብኝ መስሎት ውኃ ይዞልኝ እየሮጠ መጣ።

በዚህ አገር መሐንዲስ ፈቃዱን ለማደስ በየዓመቱ ነጥብ መሰብሰብ አለበት። ነጥብ ደግሞ ትምህርትና ስብሰባ በመካፈል ነው የሚገኘው። እኛ ናይሮቢ ያለን አማርኛ ተናጋሪ መሐንዲሶች፣ ኢትዮጵያውያኑም ኤርትራውያኑም፣ ትንሽ ማኅበር አለችን። ማኅበር ስል አንድ የስልክ ግሩፕ፣ በወር አንዴ ኪሌሌሽዋ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ፎቅ ላይ የምናደርጋት ስብሰባ፣ ከዚያ ደግሞ እኔ የማዘጋጃት ሁለት ገጽ ዜና ማለቴ ነው። ማን ሥራ ቀየረ፣ የት ይቀጥራሉ፣ ማን ወለደች፣ የትኛው ነጋዴ ቀጭኑን ብረት በወፍራሙ ስም ይሸጣል፣ ሁሉ እሷ ላይ ይወጣል። ነጥብ ግን ሰጥተን አናውቅም። የሰው አዳራሽ ሄደን፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ፈርመን እንመለስ ነበር። አሁን በራሳችን ቤት፣ በራሳችን ሰው! ደስታው አላስቀምጥ አለኝ።

የራሳችን ሰው ያልኳቸው፣ ትምህርቱን የሚሰጡት፣ ጋሼ ናቸው። ሰባ ያለፋቸው ኤርትራዊ ናቸው። ምህንድስናውንም አማርኛውንም የተማሩት አዲስ አበባ ነው፣ በደርግ ጊዜ፤ አማርኛቸው እዚያው ላይ ቆሟል። እኔን «ጓድ አዘጋጅ» ይሉኛል፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው። ዓይናቸውን ያላየ የምር ይመስለዋል። በዚያ ሁሉ ግርግር የትምህርት ወረቀታቸው ጠፍቶ፣ ናይሮቢ ሲገቡ ቅያሪ ልብስና አንድ ማስመሪያ ብቻ ነበር የያዙት። ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ እዚህ መሐንዲስ ተብሎ አይመዘገብም። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ግንባታ እየተቆጣጠሩ ኖሩ፤ ሠራተኛው «ፉንዲ» ይላቸዋል፣ ባለሙያ እንደማለት።

እሳቸው የሚኖሩት ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ነው። ሳውዝ ሲ የቆመው መረሬ ላይ ነው፣ ያ ጥቁር አፈር። ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ ያለውም ቤት አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ጋሼ ገና እንደመጡ የሰፈሩን ቤቶች ስንጥቅ መለካት ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ በእርሳስ ክብ ነጥብ ያደርጋሉ፣ በመሃሉ አጭር መስመር ያሰምራሉ፣ ቀኑን ይጽፋሉ፣ ከሥሩም የስማቸውን መጀመሪያ «መ»ን ያኖራሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ከደረቁ ወራት ኋላ፣ አንዴ ከዝናቡ ኋላ፣ እየዞሩ በር ያንኳኳሉ። የለኩትን በባለካሬ ደብተር ይመዘግባሉ።

ለዜናው ላናግራቸው የሄድኩ ዕለት ደብተሩን አሳዩኝ። ወይ ጉድ! ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። አንድ ረድፍ ላይ ግን ቁጥሩ በመሃል ይቆምና «አልተገባም፣ አልተገባም፣ አልተገባም» እያለ እስከ ታች ይወርዳል።

«ይቺ ምንድን ናት ጋሼ?»

«ይቺማ የማዕዘኗ ቤት ናት። አጠገቧ ትልቅ ባሕር ዛፍ ነበር። ዛፉ ውኃውን ሲመጠው አፈሩ ሸሸ፣ ግድግዳው ተሰነጠቀ። ዛፉ ይቆረጥ፣ ስንጥቁ ራሱ ይገጥማል ብዬ ለባለቤቷ ነገርኳት። ሰማችኝ፣ አስቆረጠችው። ከዚያ እሷ ገጠር ገባች፣ ቤቱ ተከራየ፣ ዘበኛው አላስገባኝ አለ። ገጠመ ወይስ አልገጠመም? አላውቅም። እሱን ባውቅ ነገሬ ሁሉ ይሞላ ነበር።» ይህን ሲሉ ደብተሩን በመዳፋቸው ይዳብሱት ነበር።

የትምህርቱን ማስታወቂያ ያንኑ ዕለት ሠራሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ከስማቸው ፊት «ኢንጂነር» ብዬ ጻፍኩ። እኛ ዘንድ ምህንድስና የተማረን ሰው ሁሉ ኢንጂነር ነው የምንለው፤ የሚከበርን ሰው ስም ባዶውን መጥራት ነውር ነው። እዚህ አገር ግን ያቺ ቃል በሕግ የታጠረች ናት፣ መዝገብ ላይ ስሙ ያለ ብቻ ነው የሚጠራባት። አላውቅም ነበር እንዳልል፣ እኔ ራሴ እሷን ለማግኘት ስንት ዓመት ጥርሴን ነክሻለሁ! በአማርኛ አስቤ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፣ በቃ። ለግሩፑም፣ እስከዚያ ርዕሱን እንጂ የተናጋሪውን ስም ላልነገርኩት ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤትም ላክሁት።

ሐሙስ ስልክ ተደወለልኝ። አንዲት ሴት ናት፣ ትሑት፣ ግን ፍንክች የማትል።

«ተናጋሪው ኢንጂነር ተብለዋል። መዝገባችን ላይ ስማቸውን ፈልጌ አጣሁት።»

 እውነቱን ነገርኳት። ማዕረጉ ዛሬውኑ እንዲነሳ፣ ተናጋሪው ያልተመዘገበ ከሆነም ነጥቡ እንደማይያዝ ነገረችኝና ይቅርታ ጠየቀችኝ። እሷ ምን በወጣት! ግሩፑ ላይ እንደጻፍኩት እዚሁ ያደጉት ልጆች መለሱ። «ሲስ፣ ፖይንት ከሌለው ሰው አይመጣም፤ ፖሌ ሳና» አለ አንዱ፣ በጣም አዝናለሁ ማለቱ ነው። ስልኬን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን ለጋሼ መንገሩ ነበር። ማታቱ፣ የዚህን አገር ሚኒባስ፣ ይዤ ሳውዝ ሲ ወረድኩ። ጠረጴዛቸው ላይ ትልቅ የካሬ ወረቀት ዘርግተው ለትምህርቱ የሚሆን ሠንጠረዥ በእጃቸው እየሳሉ አገኘኋቸው። ነገርኳቸው። ነጥቡ መቅረቱን ሲሰሙ መስመራቸውን ማስመር ቀጠሉ። ስለ ማዕረጉ ስነግራቸው ግን እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

«ሰው እንዲያ ብሎ ሲጠራኝ፣ አይ፣ እዚህ አገር አይደለሁም እያልኩ ነው ሠላሳ ዓመት የኖርኩት» አሉ። «ወረቀት የለኝም፣ ስለዚህ አይደለሁም። ሰው የሚያምነኝ በዚህ ነው። አንቺ በአንድ ቀን ውሸታም አደረግሽኝ።»

«ጋሼ፣ ላከብርዎት ብዬ እኮ ነው...»

«አውቃለሁ። ግን አልናገርም። ሌላ ሰው ፈልጉ።» ሠንጠረዡን መጠቅለል ጀመሩ። ጓድ አዘጋጅም አላሉኝም።

 ማታቱ ውስጥ ራሴን ሙልጭ አድርጌ ሰደብኩት፤ አጠገቤ ያሉት እናት ዘወር ዘወር እያሉ ያዩኝ ነበር። ውሸታም! እሳቸውን፣ ያልገቡበትን ቤት «አልተገባም» ብለው የሚጽፉትን ሰው! ሌላው ቢሆን ገምቶ ቁጥር ይሞላበት ነበር።

ቢሮ ስደርስ ጠረጴዛዬ ላይ የታረመ ንድፍ ተቀምጦ ጠበቀኝ። በእኛ ሙያ የተሳሳተ ንድፍ አይፋቅም፣ አይደበቅም። የተቀየረው ቦታ በደመና ቅርጽ ይከበባል፣ ጥግ ላይ ምን እንደተቀየረና ማን እንደቀየረው ይጻፋል፣ ወረቀቱም ሪቪዥን ኤ፣ ሪቪዥን ቢ፣ ማለትም አንደኛ እርማት፣ ሁለተኛ እርማት እየተባለ ይወጣል። ስህተቱን ሰው ሁሉ እንዲያየው ማለት ነው። ዓይኔ ደመናዋ ላይ ተተከለ። ኧረ እኔ ሞኟ፣ መድኃኒቱን እያየሁ ነው ለካ የማለቅሰው!

ማስታወቂያውን እንደ ንድፍ አድርጌ እንደገና ሠራሁት። ማዕረጉ የነበረበትን ቦታ ባዶ ትቼ ደመና ከበብኩት። ጥጉ ላይ «ሪቪዥን ቢ፦ ማዕረጉ ተነስቷል። ተናጋሪው አልጠየቁም፣ አያውቁምም ነበር። ጥፋቱ የአዘጋጇ ነው። ነጥብ የለም» ብዬ ጻፍኩ። በእንግሊዝኛም ደገምኩት። ከሥሩ በጋሼ መኖሪያ ሕንጻ ላይ ያነሳሁትን የእርሳስ ምልክት ፎቶ አደረግሁ፤ መስመሩ፣ ቀኑ፣ «መ»። ለግሩፑ ላክሁ፣ ለዚያች ሴትም ላክሁ፣ አንዱን አትሜ ተመልሼ ሳውዝ ሲ ከነፍኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡት። ረጅም ጊዜ። 

«ስህተት አለው» አሉ።

«ደግሞ ምን?»

«የቀየረው ሰው አልፈረመም። ፊርማ የሌለው ሪቪዥን ምን ሪቪዥን ነው?»

ግድግዳው ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ጠቅልለውት የነበረውን ሠንጠረዥ መልሰው ዘረጉት። «ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ፣ ጓድ አዘጋጅ?» ዘልዬ ልስማቸው ትንሽ ነው የቀረኝ።

ቅዳሜ ትምህርቱ የሚጀመረው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ሰው ባይመጣስ? ሽማግሌውን ባዶ ወንበር ፊት ላቆማቸው ነው? ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ ሁለት መጡ። ቀጥሎ ያ ፖሌ ሳና ያለኝ ልጅ ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። «ሲስ፣ ማስታወቂያ ላይ ሪቪዥን ክላውድ? ይሄን ሳላይ አልቀርም!» አለኝ፣ ደመናዋን ማለቱ ነው። ለካ ወረቀቱ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲዞር ነበር የሰነበተው። ኬንያውያን ሳይቀሩ መጡ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ከታች ወንበር ማስመጣት ጀመሩ። እኔማ በደስታ መቆሚያ አጣሁ፣ የማላውቀውን ሰው ሁሉ እጅ እየጨበጥኩ አስገባሁ።

ጋሼ አማርኛና እንግሊዝኛ እያፈራረቁ ተናገሩ። ሠንጠረዡን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ቤቶቹን አንድ በአንድ አነሱ፣ እንደ ዘመድ። የቱ ቤት በየካቲት አፉን ይከፍታል፣ የቱ በግንቦት ይዘጋል፣ የቱ ቧንቧው ስለሚያፈስ ተታልሎ ዓመቱን ሙሉ ያብጣል። ሰው ሁሉ ስልኩን ትቶ ይጽፍ ነበር። ወደ መጨረሻው የማዕዘኗ ቤት ላይ ደረሱ።

«ዛፉ ከተቆረጠ ይገጥማል ብዬ ነበር» አሉ። «መግጠሙን ግን አላየሁም፤ ስለዚህ ገጥሟል አልላችሁም። ይኸው፣ አልተገባም ይላል።»

ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት እጇን አወጣች።

«ሐሙስ ለአዘጋጇ የደወልኩት እኔ ነኝ» አለች በእንግሊዝኛ።

 በቃ፣ ልታስቆመን መጣች አልኩ። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፣ ሪቪዥን ቢን ሊያሳዩ።

«የመጣሁት ለሥራ አይደለም» አለች፣ እየተነሳች። «ሁለተኛው ወረቀት ሲደርሰኝ ፎቶውን አየሁት። ያቺን ምልክት አውቃታለሁ። የእናቴ ኩሽና ግድግዳ ላይ አለች፤ ባሕር ዛፉን ያስቆረጠችው እሷ ናት። ልጅ ሆኜ መነጽር ይመስለኝ ነበር። ቤቱን ባስቀባን ቁጥር እናቴ፣ የፉንዲውን መነጽር የነካ ወዮለት ትል ነበር። ተከራዮቹ ወጥተው አሁን እኔ ነኝ የምኖርበት።» ስልኳን አውጥታ ወደ ፊት መጣች። «ስምዎን መዝገባችን ላይ ፈልጌ አጣሁት። የእናቴ ግድግዳ ላይ ግን አገኘሁት።»

 ጋሼ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ መልሰው አስጠጉ። የገዛ እጅ ጽሕፈታቸውን እያነበቡ ነበር። እኔ እንባዬ ወርዷል፣ ምን እደብቃለሁ።

«አሁን ስፋቱ ስንት ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ገጥሟል። ጥፍር አይገባበትም።»

ቤቱ በጭብጨባ ሊፈርስ! ያ ልጅ ወንበር ላይ ወጥቶ ያፏጫል። ጋሼ ግን ዘወርም አላሉ። ወደ ሠንጠረዡ ሄደው በእርሳሳቸው የመጨረሻዋን «አልተገባም» በደመና ከበቧት፣ ጥጉ ላይ ሪቪዥን ሲ ብለው ጻፉ፣ እርሳሱንም ለሴትዮዋ ሰጧት።

«የቀየረው ሰው ይፈርማል» አሏት።

ስሟን ከነማዕረጓ ጽፋ ፈረመች። ከዚያ እርሳሱን መለሰችላቸውና «እርስዎም» አለች። ጋሼ ወደኔ ዞር ብለው አዩኝ፣ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ከኢንጂነሯ ፊርማ ጎን «መ» ብለው ጻፉ።