ወንዝ ዳር የሰፈሩትን ያስነሣንበት ቀን

በመርሳ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት አለቃዬ ጋሽ መኮንን የዝናብ መለኪያውን ብርጭቆ አስያዙኝና፣ «ዓይንሽን ከውሃው ልክ አድርጊ፤ ከላይ ሆነሽ ካየሽው ይዋሽሻል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ጠዋት ጠዋት ዝናቡን ለክቼ፣ ሙቀቱን አንብቤ ለቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቱ በስልክ ሳስተላልፍ ኖሬያለሁ።

በጦርነቱ ክረምት ከቆቦ በኩል የተፈናቀለው ሰው መርሳን ሞላት። ትምህርት ቤቶቹ ስለጠበቡ ብዙዎቹ ወንዙ ዳር ሸራ ወጥረው ሰፈሩ። በዚያው ሰሞን ያለወትሮው ሞቀ፤ በክረምት ብርድ ልብስ ገፍፈን ተኛን። አንድ ቀን ጠዋት ከቅርንጫፉ ትንበያ መጣ፦ ደጋው ላይ ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ይጥላል፤ ቆላውን ጎርፍ ያሰጋዋል።

ወደ ተፈናቃዮቹ መጠለያ ኃላፊ ሮጥኩ። ልጄ የሚሆን ሰው ነው።

«ሕዝቡ በጦርነት ተሸብሯል፤ አንቺ ደግሞ በዝናብ ልታሸብሪው ነው?» አለኝ።

«ሳይመሽ ከወንዙ ዳር ይነሡ ነው የምልዎት።»

«ከበላይ ፈቃድ ይምጣ።»

«እስኪመጣ ጎርፉ ይጠብቃል?»

«ስብሰባ አለብኝ» ብሎኝ ወጣ።

እኔም በንዴት ተከትዬው ወጣሁ። በቀጥታ የሰፈራችን ኢማም ሼህ ሰይድ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ዘሀራ ልጄ፣ የአላህን ባሮች ለማትረፍ የማንን ፈቃድ ነው የምንጠብቀው?» አሉና በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ተናገሩ። የመርሳ ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ወርዶ ሕፃናት አዘለ፤ ዕቃ ተሸከመ፤ ሰዉን በየቤቱ አስገባ።

እትዬ አለሚቱ የሚባሉ የቆቦ ሴት ብቻ ጓዛቸው ላይ ቁጭ ብለው እንቢ አሉ።

«ከቤቴ በጥይት ተነሣሁ፤ አሁን ደግሞ በደመና ልነሣ?»

«እትዬ፣ ጎርፉ ካልመጣ ነገ ይስደቡኝ። ዛሬ ግን በሞቴ ይነሡ።»

እጃቸውን ዘረጉልኝ። ደግፌ አወጣኋቸው።

አመሻሹ ላይ፣ መርሳ ገና ጠብታ ሳይወርድባት፣ ወንዙ ቋጥኝ እያንከባለለ መጣ። ሸራውን ሁሉ ጠራርጎ ወሰደ። ሰው ግን አልሞተም።

በማግስቱ ኃላፊው አስጠርቶ፣ «ያለፈቃድ ወሬ ነዝተሻል» ብሎ በሰው ፊት አንጓጠጠኝ። ያው ሰው ጎብኚዎች ሲመጡ፣ «ቀድመን አስጠንቅቀን አስነሣናቸው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ለወጣት ባልደረቦቼ፦ ትንበያን ለአለቃ ማድረስ የሥራው ግማሽ ነው። ወንዝ ዳር የሚያድረው ሰው እስካልሰማ ድረስ ሥራው አላለቀም።